አንቴናው ሜሪላንድ፣ አፉ ፍኖተ ሰላም

እናንተ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ዜና የሰማችሁ እኩዮቼ፣ እስኪ ፍረዱኝ። ኢንተርኔት ካመጣብን ጥፋት ሁሉ አንድ ያልተነካ ነገር ተርፎልን ነበር፤ እሱም ሬዲዮ ነው። ሽቦ አይፈልግ፣ መሐል ገብቶ የሚያቋርጥ የለበት፣ በሰማይ መጥቶ ቤት ይገባ ነበር። ዘንድሮ እሱንም በኢንተርኔት አደረጉት።

የእህቴ ልጅ ኑሮው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ለጥምቀት መጣ። እዚያ አማተር ሬዲዮ የሚሉት ነገር ይዞታል። ሥራው እንዳይመስላችሁ፤ ሰባራ ሳንቲም አያገኝበትም። ፈተና ተፈትኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ የጥሪ ምልክት ተሰጥቶት፣ በአጭር ሞገድ የማያውቀውን ሰው እየጠራ «ትሰማኛለህ ወይ?» ይላል። እሰማሃለሁ ሲሉት ደስ ይለውና ሌላ ይጠራል። ይህን እንኳ አልነቅፍም። እኔም ፍኖተ ሰላም የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን መሥሪያ ቤት ውስጥ መገናኛ ሬዲዮ ላይ ነው ጆሮዬን የጨረስኩት። ያኔ ሥራ ሥራ ነበር። መነጋገሪያውን ጨብጠህ፣ ደረትህን ነፍተህ ስትጮህ ደብረ ማርቆስ ይሰማል፤ ማንኩሳ ላይ የሚያርስ ገበሬም ያለ ሬዲዮ ይሰማል። መልእክቱ ሦስቴ ተደጋግሞ፣ ሃምሳ ኩንታል ያልነው አምስት ኩንታል ሆኖ ይደርሳል። ማንም አይናደድም። እንዴት ያለ ጥራት ነበር!

ይህ ልጅ ግን ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። መስኮቱ ላይ ሰማያዊ መደብ፣ በላዩ ቢጫ ጭረቶች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ጭረት አንድ የሚያወራ ሰው ነው አለኝ። በጣቱ አንድ ክብ ነገር ገፋ አደረገ።

«ምን አደረግህ?»

«አንቴናውን ወደ ጃፓን አዞርኩት፣ ጋሼ።»

«የታለ አንቴናው?»

«ሜሪላንድ፣ ጣራዬ ላይ። ሞተር አለው።»

አያችሁ? ድሮ አንቴና የሚያዞር ሰው ነበር። ልጁ ሽቦውን ይዞ ባሕር ዛፍ ላይ ይወጣል፤ እኛ ከታች ሆነን «ትንሽ ወደ ጅጋ! አበላሸኸው፣ ወደ ቡሬ መልሰው!» እንላለን። ልጁ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይወጣል። ጤና ነበር። አሁን ጣት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያም አንድ ጣት።

እንዴት እንደሚሄድ አስረዳኝ። ድምፁ ስልኩ ውስጥ ይገባና ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ በኢንተርኔት ሜሪላንድ እቤቱ ወዳለው ኮምፒዩተር ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩ ለሬዲዮው ያቀብላል፤ ሬዲዮው በ100 ዋት ወደ ላይ ይለቀዋል፤ አዮኖስፌር የሚሉት የሰማይ ሽፋን መልሶ ያነጥረውና ጃፓን ይወርዳል። እንዲህ ያለ ዙሪያ ጥምጥም! ከዚህ ከግቢዬ ቀጥ ብሎ ጃፓን መሄድ ሲቻል አትላንቲክን ማሻገር ምን ይሉታል? ሬዲዮ ይዤ ብመጣ እዚህም ፈቃድ ማውጣት አለብኝ አለኝ። ይሁን።

ጉዱ የመጣው ጃፓናዊው መልስ ሲሰጥ ነው። በአጭር ሞገድ ድምፁ እሳት ላይ እንደተጣደ ሽሮ ይንተከተካል፤ አቤት እንዴት ናፈቀኝ! ሰውዬው ከየት ነህ ሲለው የኔ ልጅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሜሪላንድ።» የእናቱን ጠላ በቀኝ እጁ ይዞ! ሰው አገሩ ገብቶ፣ አገሬ የለሁም ይላል? ተቆጣሁ። ሕጉ ነው አለኝ፤ ማሰራጫው ያለበት ቦታ እንጂ አፉ ያለበት ቦታ አይቆጠርም። ኢትዮጵያ የምትጠራው በኢቲ ነው፤ 9ኢና 9ኤፍም የእኛ ናቸው። ታዲያ የዚህ የጥሪ ሥራ ሱሰኞች የየአገሩን ድምፅ እንደ ቅርስ ይሰበስባሉ፤ ከእኛ አገር የሚጠራ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ ኢቲ ሲሉ የሰሙ ዕለት እንቅልፍ የላቸውም። ያ ምስኪን ጃፓናዊ ኢትዮጵያን ሲፈልግ የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ከኢትዮጵያ ጋር እያወራ አለማወቁ አሳዘነኝ። መነጋገሪያውን ነጥቄ «ፍኖተ ሰላም! ጎጃም!» ልል ስል ልጁ ስልኩን ሸሸገ። «ጋሼ፣ አይጩሁ፤ ፈቃድ የለዎትም።» ፈቃድ! እኔን!

ወጉን የያዙት አምስት ኪሎ ያሉት ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የምሕንድስናው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ ኢቲ3ኤኤ ነው የሚባለው። ሬዲዮውም አንቴናውም የሚናገረውም ሰው አንድ ግቢ ናቸው።

ደግሞ ልጁ አሁን ሰው መናገርም ተወ ብሏል። በ2009 ኤፍቲ8 የሚባል ነገር መጣና፣ ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ጋር በ15 በ15 ሰከንድ ተራ እየተቀባበለ የጥሪ ምልክትና ቦታ ይለዋወጣል፤ ባለቤቱ ቡናውን ይጠጣል። ሞርስ ኮድንም አሜሪካኖች በ1999 ከፈተናው አውጥተውታል። የሞርስ ነገር እጅግ ያንገበግበኛል። ተምሬው አላውቅም፤ ግን መቅረት አልነበረበትም።

ዋናው ቅሬታዬ ይህ ነው። ጃፓናዊው ስለ አየሩ ሁኔታ ገና ሲጀምር ኔት ጠፋ። ጭጭ። ሰማዩ እንዳለ አለ፣ ሜሪላንድ ሬዲዮው እንዳለ አለ፣ ጃፓኑም አለ፤ የጠፋው እነሱ መሐል የወሸቁት ነገር ነው። ጣቢያው አፉን እንደከፈተ ቢቀርስ ብዬ ደነገጥኩ፤ ልጁ ግን የአሜሪካ ሕግ መቆጣጠሪያው ሲቋረጥ ከ3 ደቂቃ በላይ እንዳያሰራጭ ያስገድዳል ብሎ ሳቀ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ የከረመ ጊዜ ማን ደረሰልን? ያቺ ባለ ድንጋይ ሬዲዮዬ! ከቆርቆሮ ሣጥን ወጥታ፣ እጀታዋ በላስቲክ ታስሮ፣ ከ1957 ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረውን የጀርመን ድምፅ አሰማችኝ። በሌላ ነገር አልታመንም ብዬ ማልኩ። ኔቱ የተለቀቀ ዕለት የሰፈሩ ሰው ጥቅል ለመግዛት እንዴት ሲጋፋ እንደነበር ባያችሁ! ከፊቴ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፣ ከኋላዬ ግን እስከ መናኸሪያው።

ልጁ ወደ ሜሪላንድ ሲመለስ ማድመጫውን ስልኬ ላይ ጫነልኝ፤ ለመስማት ፈቃድ አያስፈልግም አለ። ጣራው ላይ ያለችውን ካሜራም አብሮ። አልፈልግም ብዬው ነበር። ሌሊት ሌሊት ከጋቢዬ ሥር አያታለሁ እንጂ ምን አደርግባታለሁ? ዛሬ ጠዋት በ2 ሰዓት ብከፍተው ሜሪላንድ በረዶ ወርዷል፤ አንቴናው አንድ ክንዱ ጎንበስ ብሏል። ባለቤቱ የት አለ? ተኝቷል! እዚያ እኩለ ሌሊት ነው ይላሉ። ደወልኩ፣ አላነሣም፤ ደግሜ ደወልኩ፣ አነሣ። «ተነሥተህ አራግፈው!» አልኩት። «ነገ ጋሼ፣ ነገ» ይለኛል። ዘንድሮ የራሱን ግቢ እንኳ የሚጠብቅ ሰው ጠፋ እኮ፤ ሁሉን ከሩቅ! ቆዩ፣ ባትሪዬ 4 በመቶ ነው የሚል፤ ቻርጀሩን የወሰደው ማነው በሉ?