የመሐንዲሱ ስም የት አለ?

ጣሊያን አገር ሥነ ሕንፃ ተምሮ ከመጣ ወዳጅ ጋር ወደ ከፋ የሚሄድ ሰው ቡና አያይም። እኔን ያሳየኝ የጣሊያኗን ከተማ ሞዴናን ነው። ካቴድራሉ እ.ኤ.አ. በ1099 ተጀመረ፤ ስልቱ ሮማኔስክ ይባላል፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ቅስቱ ግማሽ ክብ። የመሐንዲሱ ስም፣ ላንፍራንኮ፣ ሳይቀር ግንቡ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። "በዚያ ዘመን የሠራተኛ ስም ማን ይጽፍ ነበር!" እያለ ጭኔን ይመታል። መኪናዋም በየጉድጓዱ ታግዘዋለች።

ወሬውን ወደ ከፋ ልመልስ ብዬ ጣሊያናዊውን ሚስዮናዊ አባ ማስያስን አነሣሁ። እ.ኤ.አ. በ1859 ከፋ ገብተው በ1861 ተባረዋል፤ የትውልድ አገራቸው አስቲ ደግሞ የሮማኔስክ ቤተ ክርስቲያን የሞላበት ነው። ወዳጄ ተከዘ። "ቢቆዩ ኖሮ ቦንጋ ላይ..." አለ። ሞዴና እንኳ የተባረከው በ1184 ነው፤ በሁለት ዓመት ምን ይሠራል? ደግሞስ እንጨትና ቀርከሃ ደጁ ድረስ ለመጣለት ሰው ያን ሁሉ ድንጋይ ማን ያሸክመዋል?

ከቦንጋ ወጥተን የእግዜር ድልድይ ከሚባለው የተፈጥሮ ቅስት ስንደርስ ግን ቃል አጣ። ወንዙ ከሥር፣ ድንጋዩ ከላይ፣ በላዩ ዛፍ በቅሎበታል። ሰው የሠራው ቅስት እስኪጠና ድረስ የእንጨት ድጋፍ ይፈልጋል፤ አናቱ ላይ ቁልፍ ድንጋይ ይገባበታል። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ፈለገ። የለም። ድጋፍ የቆመበትን ቀዳዳም ፈለገ። የለም።

"ምን ጠፋህ፣ ልጄ?" አሉ መንገድ ያሳዩን ሽማግሌ።

"የሠራውን ሰው ስም ነው፣ አባባ። እኛ ባየንበት አገር ይጽፋሉ።"

"የእግዜር ድልድይ አልኩህ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ?"

ወዳጄ ሽንፈት አይወድም። ስለ ላንፍራንኮ ከሥር ከመሠረቱ ተረከላቸው። መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ካቴድራሉም ደወል ቤቱም ማዘንበላቸውን፣ እንዳይላተሙም በመካከላቸው ቅስት መጋረጡን ሳይቀር ነገራቸው። ይህን ባይነግራቸው ይሻል ነበር።

"አዘነበለ?" አሉ። "እንዲህ ከሆነማ ስሙን የጻፉት ሲጠፋ እንዲፈልጉት ነው።"

እስከ ቦንጋ ድረስ ያወራነው ስለ ጫማችን ጭቃ ብቻ ነው።