አመድ በዱቄት ቢስቅ ይገባዋል

«እጅህ አመድ አፋሽ ሆኖ እንዳይቀር!» አሉኝ ጋሼ፣ ጎንደር ፒያሳ ተቀምጠን ቡናው እስኪቀርብ።

«ጋሼ፣ እኔኮ ማፈስ የፈለግሁት አመዱን ነው» አልኳቸው።

ተረቱ «አመድ በዱቄት ይስቃል» ሲል አመዱን ጥፋተኛ አድርጎ ነው። ዱቄቱ በጠርሙስ ታሽጎ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ኬሚካል ሲሆን ግን ይሳቅ እንጂ! አመድ በውሃ ዘፍዝፎ ያሳደረ ሰው የጠለለውን ውሃ በጣቱ ሲነካው ያሙለጨልጨዋል። የቆዳውን ስብ ወደ ሳሙና እየለወጠው ነው። ውስጡ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ። ፖታሲየም የሚለው ስም ራሱ ከአመድ የወጣ ነው፤ ፈረንጆች የአመድ ውሃ በድስት አፍልተው የሚያስቀሩትን ነጭ ነገር «ፖታሽ»፣ የድስት አመድ፣ ይሉት ነበር። «ይህ የአመድ ውሃ ለኮንደንሴሽን ካታሊስት ይሆናል» አልኳቸው።

ከጎናችን የተቀመጠ ጎረምሳ ጣልቃ ገባ። «ኮንደንሴሽን አልክ? እሱማ የአረቄ ጉዳይ ነው።»

«በአረቄው እንፋሎት ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። በእኛው ግን ሁለት ሞለኪውሎች ይጋቡና ውሃ ይተፋሉ። አሁን አፍንጫህን ያወደው የሚቆላ ቡና ሽታም ከዚያ ይጀምራል፤ ስኳሩና አሚኖ አሲዱ ተገናኝተው ውሃ ይለቃሉ። ማያር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1912 ነው የጻፈው።»

«ካታሊስቱስ?» አሉ ጋሼ።

«ሽማግሌ ነዋ! ያጋባል እንጂ አያገባም። ጉዳዩን ጨርሶ እንደመጣው ይመለሳል።»

ጋሼ ሳቁ፤ ሽምግልና ስንቴ ሄደዋል! ግን ሽማግሌም ሽማግሌ አለው። ጀርመናዊው ክኖቬናጌል በ1890ዎቹ ይህን ጋብቻ ሲያጠና ሽማግሌዎቹ አሚኖች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ፒፔሪዲን ዛሬም በየላቦራቶሪው አለ። ይገማል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ አደንዛዥ ዕፅ ለመሥራት ስለሚውልም በተባበሩት መንግሥታት የ1988 ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እንግዲህ ተመራቂ ተማሪ ለጥናቱ ይህን ዕቃ ሲጠብቅ ዓመቱ ሲያልቅበት አስቡት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በሕንድ ያሉ ኬሚስቶች ግን በፒፔሪዲን ፈንታ የሙዝ ልጣጭ አቃጠሉ፤ አመዱን በውሃ አጠለሉ። ያንን ውሃ የመራራ ለውዝ ሽታ ካለው ቤንዛልዲሃይድና ከማሎኖናይትራይል ጋር በክፍል ሙቀት፣ እሳት ሳይነድ፣ አማሰሉት። ጥርት ያለው ውሃ ደፈረሰ፤ ነጭ ጠጣር ወረደ። አጣርቶ ማጠብ ነው፣ አለቀ። ማሎኖናይትራይሉ መርዛማነቱን አይተውም፤ ጓንት ይደረግ። አረንጓዴ የሆነው ሽማግሌው ነው እንጂ ሙሽራው አይደለም።

«አረንጓዴ እያልክ ዛፍ ልታስቆርጥ?» አለ ጎረምሳው።

«አንዲት ቅርንጫፍ አትቆረጥም! ምድጃው ያስቀረው ይበቃኛል።»

«የዳባትና የደባርቅ ምድጃ ኩበት ነው የሚያነደው።»

እዚህ ላይ ልጁ ያዘኝ። አመድ ሁሉ አንድ አይደለም። የኩበት አመድ ሲሊካ፣ የአሸዋው ዘር፣ ይበዛበታል፤ ፖታሹ ከእንጨቱ አመድ ጋር አይተካከልም። ስለዚህ እያንዳንዱ አመድ የምን አመድ እንደሆነ ይጻፋል፤ ውሃውም መጠኑ በታወቀ አሲድ ይለካል። ያልተለካ አመድ ይዞ «ሠራልኝ» የሚል ኬሚስት ነገ ሲደግመው እምቢ ይለዋል። በጣና ሰሜን ዳርቻ ደንቢያን ያስለቀሰው እምቦጭም ፖታሲየም ይበዛበታል፤ አመዱን ሌላ አገር ለኦርጋኒክ ውህደት ሞክረውታል። እኛ ከሐይቁ ነቅለን ዳር ላይ የምንከምረውን!

«ለመሆኑ ጎንደር ከኬሚስትሪ ምን አላት?» አለ ልጁ፣ አልበርድ ብሎ።

«ቀና በል! የፋሲልን ግንብ ድንጋይ ከድንጋይ ያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚወጣው ካልሲየም ኦክሳይድ ለኮንደንሴሽን ካታሊስት ይሆናል። የእንቁላል ቅርፊት ሲቃጠልም የሚሰጠው እሱኑ ነው።»

ዝም አለ። እኔ ግን አላበቃሁም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠልጥኖ በቡድን በቡድን ወደ ሕዝቡ መንደር ይልክ ነበር። የዛሬው ኬሚስት ምድጃው ድረስ መሄድ ለምን ይከብደዋል? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው የእንዶድን ምርምር የጀመሩት። አጎንብሰው አዩ፣ ቆጠሩ፣ ለኩ።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው የእኔዋ ሴትዮ ነገ አመዱን እንዳትደፋው እነግራታለሁ።»

«ይንገሩልኝ፣ ጋሼ። የወይራውን ለብቻ፣ የባሕር ዛፉን ለብቻ፣ የኩበቱን ለብቻ።»