ስለ ጂፕሰም ግድግዳ ደኅንነት የወጣ አዋጅ ቁጥር 12.5/2018

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ኮሚቴ የታወጀ

መግቢያ

የጀሶ ዘር በዓባይ በረሃ ባሕሩ ከደረቀ ጀምሮ ለሚሊዮኖች ዓመታት ማንም ሳይነካው ኖሮ፣ ወደ ቤታችን በገባ በሁለተኛው ሳምንት በመዶሻ መደብደቡ የሚያሳዝን በመሆኑ፤

ስቱዲዮ የወጣለት ባለ አንድ መኝታ፣ ባለ አንድ መኝታ የወጣለት ባለ ሁለት መኝታ ለማድረግ ሲል ሁሉም ቤቱን በጂፕሰም መክፈሉን የተያያዘው በመሆኑ፤

በዚያ 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ላይ 55 ኢንች ቴሌቪዥን፣ የምረቃ ፎቶ ከነጋዋኑ እና ከአክስት የመጣ የሠርግ ስጦታ ለመስቀል ያልሞከረ ጎረቤት ባለመገኘቱ፤

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ፑንታ ተውሶ ያልመለሰ ሰው ምን እንደሚደረግ ዝም ብሎ ያለፈ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የቀስታ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ጂፕሰም» ማለት በሁለት ወረቀት መሐል የታቀፈ ጀሶ ነው፤ ጉልበቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ስለሆነ ወረቀቱን የቀደደ ግድግዳውን እንዳፈረሰ ይቆጠራል፤

ለ) «አጥንት» ማለት ከጂፕሰሙ ጀርባ በየ40 ወይም በየ60 ሳንቲ ሜትሩ የቆመ የላሜራ ፕሮፋይል ወይም እንጨት ነው፤

ሐ) «ፊሸር» ማለት ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1958 እ.ኤ.አ. ለጠንካራ ግድግዳ የሠራው፣ እኛ ግን የትም የምንሰካው የናይለን መሰኪያ ነው፤

መ) «ባለሙያ» ማለት ድሪል ያለው ሰው ነው፤ ድሪሉን ሲሸጥ ሙያውም አብሮ ይተላለፋል።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ የሚጸናው በጂፕሰም ላይ ብቻ ነው። ብሎኬት ራሱን ይከላከላል። ከአገዳ ተረፈ ምርትና ከማግኒዥየም ውህድ የሚሠራው አግሮስቶን በራሱ መመሪያ ይተዳደራል፤ መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ግን ማንም አይደገፍበት።

4. ስለ ሚስማር

1) ሚስማር በጂፕሰም ላይ ሥልጣን የለውም። ጀሶው ዙሪያውን ተፈርክሶ ይለቀዋል፤ ላሜራውም ለብሎን እንጂ ለሚስማር አይታዘዝም።

2) በኮምፕረሰር የሚሠራ የሚስማር ሽጉጥ የሚፈቀደው አጥንቱ እንጨት ሲሆን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ግፊቱ አስቀድሞ በቁራጭ ጂፕሰም ላይ ይሞከራል። የሚስማሩ ራስ ወረቀቱን ሳይቀድ ጥቂት ጎድጎድ ካደረገው ይበቃል፤ ወረቀቱን በስቶ ከገባ ግፊቱ ይቀነሳል፣ ተኳሹም ይመከራል።

5. ስለ ድሪል

1) ማንኛውም ነዋሪ ከመብሳቱ በፊት ድሪሉን ከሀመር ላይ ያወርዳል። ሀመር የተሠራው ለኮንክሪት ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ባለ 6 ሚሊ ቀዳዳ አስቦ ወደ ቀጣዩ ክፍል መስኮት ይከፍታል።

2) ከፍሪጅ በር ላይ ማግኔት ተነቅሎ በግድግዳው ላይ ቀስ ተብሎ ይንሸራተታል። ከስቱኮው ሥር የብሎን ራስ ሲያገኝ ይጣበቃል፤ አጥንቱም እዚያው ነው። ይህ የአጥንት ምርመራ ከክፍያ ነፃ ነው።

3) ብሎን ሲታሰር በድሪሉ አንገት ላይ ያለው ባለ ቁጥር ቀለበት ከትንሹ ቁጥር ይጀምራል። ድሪሉ «ጠ ጠ ጠ» ካለ በቃኝ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ «ትንሽ ልጨምርለት» ማለት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ በብሎካችን የተፈጠሩ ጉድጓዶች ታሪክ ሲጣራ አብዛኞቹ የተከፈቱት ይህ ቃል በተነገረ በቅጽበቱ ሆኖ ተገኝቷል።

6. ስለ ክብደት

1) ፊሸር የሚይዘው ዙሪያውን የሚጨምቀው ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ነው። ከጂፕሰም ጀርባ ያለው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ማንንም ይዞ አያውቅም። ስለዚህ አጥንት በሌለበት ቦታ ከኋላ ክንፉን የሚዘረጋው የቢራቢሮ ማሰሪያ ይገባል።

2) ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውኃው ብቻ 50 ኪሎ ነው። በጂፕሰም ላይ የሰቀለው ሰው ከሥሩ ለሚታጠበው ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል።

3) የምረቃ ፎቶ አጥንት ላይ በታሰረ አንድ ብሎን ይሰቀላል። ክብደቱ ሲሰላ የወላጅ ኩራት አይደመርም።

7. ስለ ሰዓትና ስለ ውሰት

1) ድሪል የሚጮኸው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት አይጮኽም። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መጋረጃ ሰቃዮች ተራ ይይዛሉ።

2) መብራት ሲሄድ በግማሽ የቆመ ቀዳዳ «በግንባታ ላይ ያለ ፕሮጀክት» ተብሎ ይመዘገባል። የመጠናቀቂያ ቀኑ አይጠየቅም።

3) ድሪል የተዋሰ ከነፑንታው ይመልሳል። «ፑንታው እኮ ድሮም ደንዞ ነበር» የሚል መከላከያ ተቀባይነት የለውም።

8. ስለ ሰነድ አልባ ቀዳዳዎች

1) ከአዋጁ በፊት የተከፈቱ ቀዳዳዎች በ1997ቱ የአየር ካርታ ላይ ከታዩ ሕጋዊ ይደረጋሉ። «ብሎኩ ራሱ በካርታው ላይ የለም» የሚሉ አቤቱታዎች ለሚቀጥለው ስብሰባ ይመራሉ።

2) በጥርስ ሳሙና የተደፈነ ቀዳዳ እንደ ተደፈነ አይቆጠርም፤ አከራይ ተከራይ ሲለቅ ግድግዳውን አሽትቶ የማጣራት መብት አለው። ትንሹ ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈናል። ትልቁ በመረብ ፕላስተር ተሸፍኖ ሁለት ዙር ስቱኮ ይቀባል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።

3) ቀዳዳን በካላንደር መሸፈን ተከልክሏል፤ ካላንደሩን ለመስቀል ሌላ ቀዳዳ ያስፈልጋልና።

9. ቅጣት

ወረቀት የቀደደ ስቱኮውን ገዝቶ ራሱ ይቀባል። በሀመር በስቶ ወደ ጎረቤት የዘለቀ ለአንድ ወር የጎረቤቱን ቴሌቪዥን በቀዳዳው በኩል ያያል፤ ቻናል የመምረጥ መብት የለውም።

10. የተሻሩ ልማዶች

«ምን ይሆናል፣ ምታው!» የሚለው ነባር አሠራር በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

11. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በደረጃው መግቢያ ላይ በስኮች ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ጀሞ፣ 2018 ዓ.ም.
የኮሚቴው ሰብሳቢ
(በምርጫ ሳይሆን በድሪሉ ባለቤትነት)