ስክሪኑ ካለ ሰው ምን ያደርጋል?

ዘመኑ ሠልጥኗል፤ መንገድ መጠየቅ የኋላ ቀሮች ሥራ ሆኗል። ድሮ ሹፌር መገንጠያ ላይ ሲደርስ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንደምን ዋላችሁ?» ይል ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል። የመንገዱ ነገር የሚነሳው እግዜር ይመስገን ከተባባሉ በኋላ ነው። እንዴት ያለ የጊዜ ብክነት! ዛሬ መስታወት ላይ የተለጠፈች፣ ሰላምታ የማትሻ ሴትዮ አለች። በጠራ እንግሊዝኛ «ከ200 ሜትር በኋላ ወደ ግራ ይታጠፉ» ትላለች፤ ይታጠፋሉ። ግራው ገደል ቢሆንም የተናገረችው በትሕትና ነውና ቅር አይልም።

ስለዚህ ወደ ገጠር ለመንዳት ያሰበ የከተማ ሰው ሁሉ አስተማማኝ ጂፒኤስ ፍለጋ ቢጠመድ አይፈረድበትም። ግዢው የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ለማያውቁ ይጠቅም እንደሆነ ላስረዳ።

አንደኛ፣ መሣሪያው የሚመረጠው በስክሪኑ ስፋት ነው። ሰፊ ስክሪን ግማሹን የፊት መስታወት ይሸፍናል፤ የተሸፈነውን መንገድ ደግሞ ስክሪኑ ራሱ በሥዕል ያሳየዎታል፤ ምን ጎደለ? ውስጡ ያለው ካርታ የየት አገር እንደሆነ፣ መቼ እንደታደሰ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ ግን ነውር ነው። ቢጠይቁትም «ሁሉ ነገር አለው» ይልዎታል። ሁሉ ነገር ካለው የኢትዮጵያ መንገድ እንዴት ይጠፋዋል?

ከሻጭ የሚበልጠው ደግሞ የአክስት ልጅ ነው። ከቨርጂኒያ ሲመጣ ጋርሚን ይዞልዎት ይመጣል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ጋርሚን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በዚህ ሥራ የኖረ ድርጅት ነው። ችግሩ አሜሪካ ውስጥ ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው መሣሪያ በውስጡ የሚይዘው የሰሜን አሜሪካን ዝርዝር ካርታ መሆኑ ብቻ ነው። ሰንዳፋን አልፈው ሲያበሩት ባዶ ሜዳ ላይ የቆመች አንዲት ቀስት ያሳይዎታል። መንገድ የለም፣ ከተማ የለም፣ ወንዝ የለም። «ወደ ቤት» የሚለውን ሲነኩት የአክስትዎ ልጅ የመዘገበው ቤት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነውና መስመሩን ማስላት እንዳልቻለ ይቅርታ ይጠይቃል። የአፍሪካ ካርታ ለብቻው ተገዝቶ እንደሚጫን ለአክስትዎ ልጅ እንዳይነግሩት፤ ስጦታ ማራከስ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ እምነት ያስፈልጋል። እምነቱም «ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ያየኛል» የሚል ነው። እውነቱን የሚናገሩ መናፍቃን ሳተላይቱ ምንም እንደማያይ ይከራከራሉ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው እየዞሩ የሚልኩት ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ነው። እርስዎ እጅ ያለው ዕቃ ቢያንስ የ4ቱን ድምፅ አዳምጦ የቆመበትን ነጥብ ያሰላል፤ በቃ። እርስዎ መኖርዎን እንኳ ሳተላይቱ አያውቅም። አሜሪካኖች ለሲቪሉ ሆን ብለው ያዛቡት የነበረውን ምልክት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ስላስተካከሉ ዛሬ ተራ ስልክ ሰማዩ ከተገለጠለት የቆሙበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ስሕተት ይነግርዎታል። ታዲያ ጭቃ ውስጥ የቆሙበትን ነጥብ በጥቂት ሜትር ማወቅ ቀላል ነገር ነው?

መንገዱን የሚያውቀው ሳተላይቱ ሳይሆን ካርታው ነው፤ ካርታውን የሠራው ደግሞ ሰው ነው። እንደ ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበት ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው ካርታ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረና በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ብዙው የገጠር መስመር የተሣለው ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ላይ፣ ባሕር ማዶ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ደግ ሰው ነው። ፎቶው ላይ ነጭ ክር ይታየዋል፤ መንገድ ብሎ ይሥለዋል። ክሩ የአይሱዙ መንገድ ይሁን የአህያ፣ ወይም የቅዳሜ ገበያተኛ የረገጠው ዱካ፣ ደጉ ሰው በምን ይወቀው? የእኛ ሹፌር ግን ክሩን አይቶ «አቋራጭ አገኘሁ» ይላል።

ሦስተኛ፣ ካርታውን አስቀድሞ ስልክ ላይ መጫን ክልክል ነው። አዲስ አበባ ዋይፋይ ያለበት ቤት ተቀምጦ የሚሄዱበትን አካባቢ ካርታ ማውረድ የፈሪ ሥራ ነው። ጀግና ካርታውን የሚከፍተው ኔትወርኩ ከጠፋ በኋላ ነው። ቻርጀር፣ ፖወር ባንክ፣ ሁለተኛ ስልክ የሚሉትም ሸክም ናቸው። አፋር ወርደው ስልኩ በሙቀት «ቀዝቀዝ እስክል ጠብቁኝ» ብሎ ሲጠፋ ተፈጥሮን የሚያደንቁበት ጊዜ ያገኛሉ።

አራተኛውና ዋናው፣ ምንጊዜም አጭሩን መስመር መምረጥ ነው። አገራችን ሜዳ አይደለችምና አጭሩ መስመር ብዙ ጊዜ የአሞራ ነው። ከጎሃ ጽዮን ማዶ ደጀንን በዓይን የሚያያት ሰው ደረስኩ ሊል ይችላል፤ መኪና ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ያንኑ መልሶ ሊወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠመዘዛል። እዚያ እንኳ አስፋልት አለ። ከአስፋልት ሲወጡ የመንገድ ሰዎቻችን «ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ» እና «የበጋ መንገድ» ብለው የሚለዩት ነገር አለ። ስክሪኑ ይህን አይለይም፤ ሰኔና ጥር ለእሱ አንድ ናቸው። ላንድክሩዘርና ቪትዝም አንድ ናቸው። «3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ» ሲልዎት ለመስመሩ ዓይነት ከተሰጠ ፍጥነት አስልቶ ነው እንጂ መረሬው ላይ ነድቶ አይደለም።

ይህን ሁሉ ሥርዓት ያሟላ አንድ ጀግና እናስብ። ወሩ ሐምሌ፣ መኪናው ቪትዝ፣ ጉዞው ከጣርማ በር ወደ መንዝ መሐል ሜዳ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ስክሪኑ ወዳሳየው አቋራጭ ሲታጠፍ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ያስቆሙታል።

«ልጄ፣ ወዴት ነው?»

«መሐል ሜዳ፣ አባባ።»

«በዚህ አይሆንም። ይኼ የበጋ መንገድ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ትናንት አይሱዙ መጥቶ ተመልሷል።»

ጀግናችን ፈገግ ይላል። ስልኩን ከመስታወቱ ነቅሎ ያሳያቸዋል። «ይዩት አባባ፣ በዚህ ያስገባል ይላል። ይኸው ሰማያዊው መስመር።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያያሉ። «እሱስ ልክ ነው ልጄ» ይላሉ፤ «ሰማያዊው ውሃው ነው።»

ጀግናው አመስግኖ ይነዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥቁሩ መረሬ ጎማውን እስከ ወገቡ ውጦታል። ሴትዮዋ ተስፋ አትቆርጥም፤ «በሚቻልበት ጊዜ ወደ ኋላ ይዙሩ» እያለች ትማጸናለች። ሲመሽ እኚያው ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር አንድ ጥማድ በሬ ነድተው ይመጣሉ፤ ገመዱ ይታሰራል፤ ቪትዟ ትወጣለች። በሬዎቹ የትኛውን ስክሪን እንደሚጠቀሙ የጠየቀ የለም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ሲባል ስንሰማ ያደግነው ተረት መስሎን ነበር።

የሚገርመው ይኸው ሰው አዲስ አበባ ሲሆን እንዲህ አይደለም። ያለበትን ቦታ ፒን ለታክሲ ሹፌር ልኮለት፣ መንገዱ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶለት፣ ሹፌሩ «ከየት ጋ ልውሰድዎት?» ብሎ ሲደውል አይደነቅም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት» ብሎ ያስረዳል። ሁሉም ነገር ተመዝግቧል በሚባልበት ከተማ ሰው ካልጠየቅን አንደርስም፤ ምንም ባልተመዘገበበት ገጠር ግን ሰው መጠየቅ ያሳፍረናል። የሚያሳፍረንም ስለምናውቅ አይደለም፤ የሚነግረን ሰው ጋቢ ስለለበሰ ነው።

የሚያጽናናው ብቻችንን አለመሆናችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ ሦስት ጃፓናውያን ጎብኚዎች መሣሪያቸውን አምነው ወደ ደሴት በመኪና ሊሻገሩ የባሕር ዳርቻ ጭቃ ውስጥ ገብተዋል፤ ካርታው መካከል ላይ ያለውን ውሃ አልነገራቸውም። በዚያው ዓመት የቪክቶሪያ ግዛት ፖሊስ የአፕልን ካርታ ተከትላችሁ ወደ ሚልዱራ እንዳትነዱ ብሎ ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ ካርታው ከተማዋን ከእውነተኛ ቦታዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ፣ ውሃ በሌለበት በረሃማ ፓርክ መሐል አስቀምጧት ነበር። በካሊፎርኒያው የሞት ሸለቆ ደግሞ ጠባቂዎቹ «በጂፒኤስ መሞት» የሚል መጠሪያ እስከማውጣት ደርሰዋል። እነዚያ አገሮች ሄሊኮፕተር አላቸው። እኛ ያለን ጥማድ በሬ ነው፤ እሱም እርሻ ላይ ካልዋለ።

ሽሙጡ ይብቃ። ጂፒኤስ ጠላት አይደለም፤ ገጠር ለሚነዳ ሰው ትልቅ ረዳት ነው። ግን እንደ ማንኛውም ረዳት የሚታዘዝ እንጂ የሚያዝ መሆን የለበትም። ከመሣሪያው በፊት ካርታው ይመረጥ፦ የሚሄዱበትን ወረዳ በዝርዝር የያዘ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በቅርቡ የታደሰ። ሁለት የተለያዩ ካርታዎች ስልክ ላይ ተጭነው ይነጻጸሩ፤ አንዱ መንገድ ያለበት ሌላው ባዶ ካሳየ ነገሩ ያጠራጥራል ማለት ነው። አቋራጩ የሚታጠፍበትን መስመር ከሰማይ በተነሳው ፎቶ ላይ ማየትና ወንዝ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ድልድይ መኖሩን መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ገጠር ለገጠር መዞር የሆነ ሰው የአፍሪካ ካርታ የተጫነበት፣ ሙቀትና አቧራ የሚችል መሣሪያ ቢገዛ ገንዘቡ አይቆጭም። በ1:50,000 መስፈርት የታተመውን የአገራችንን የወረቀት ካርታ ያገኘ ደግሞ ይያዘው፤ ገደሉን በመስመር ያሳያል፤ ባትሪም አይጨርስም።

አጠያየቁም ዘዴ አለው። «ይህ መንገድ መሐል ሜዳ ያደርሳል?» ብለው ከጠየቁ እንግዳ ላለማሳዘን «አዎ» ይባላሉ፤ በእግር ያደርሳልና ውሸት አይደለም። «ቅርብ ነው» የሚለውም በእግረኛ ሚዛን የተለካ ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። «ዛሬ ወይም ትናንት መኪና አልፎበታል? ምን ዓይነት መኪና ነው? ከወዴት መጣ?» ብለው ይጠይቁ። ከፊት ለፊት የሚመጣውን የአይሱዙ ወይም የሲኖትራክ ሹፌር መብራት አብርተው ያስቁሙት፤ እሱ ከአንድ ሰዓት በፊት ያየውን የየትኛውም ድርጅት ካርታ ገና አላየውም።

አስተማማኝ ጂፒኤስ የቱ ነው ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው፦ ባለቤቱ መስኮት ዝቅ አድርጎ መጠየቅ ያልተወበት ሁሉ አስተማማኝ ነው። መጠየቅ ለሚያፍር ሰው ግን የትኛውም ዋጋ የወጣበት ስክሪን አይበጀውም፤ ገንዘቡን ለጠንካራ ገመድ ቢያውለው ይሻላል።