ከሚዛን ቱም፣ በቅጥቅጥ

የአክስቴ ልጅ ሃዋይ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ ቲሸርቱን አላወለቀም። ማዊ በምትባለው ደሴት፣ ባሕሩን እየታከከ ሃና ወደምትባል ከተማ የሚወስድ መንገድ አለ፤ ከ600 በላይ መታጠፊያና 59 ድልድይ አለው። ያንን ነድቶ የጨረሰ ሁሉ «ከሃና መንገድ ተርፌያለሁ» የሚል ቲሸርት ይገዛል። «እናንተ አገር እንዲህ ያለ ደን፣ እንዲህ ያለ መንገድ የት አለ?» አለኝ በቪዲዮ ደውሎ። «እናንተ አገር» ያላት ነገር አንጀቴን አሳረረችው፤ ከወጣ እኮ ገና ሰባት ዓመቱ ነው!

እልህ ያዘኝና ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቱም በሚሄድ ቅጥቅጥ ተሳፈርኩ። ቅጥቅጥ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው በዚህ መንገድ ሳይመላለስ አልቀረም። ጋቢና ቦታ ያገኘሁት የሰው ዶሮ ታቅፌ ለመሄድ ተስማምቼ ነው። የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

እውነት ለመናገር፣ በአንድ እጁ እጀታ፣ በሌላው ዶሮ የያዘ ሰው የተፈጥሮ ውበት አያይም። በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ ሙዝ፤ ስንታጠፍ ደግሞ በስተግራ ሙዝ፣ በስተቀኝ ገደል። ከሃና ጋር ላወዳድር ብዬ መታጠፊያ መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ 47 ላይ ዶሮዋ አመለጠችኝ። እሷ ተያዘች፣ ቁጥሩ ግን ጠፋ።

ደኑን ያየሁት ባቹማ ሳንደርስ ጭቃ ሲውጠን ነው። ረዳቱ «ሁላችሁም ውረዱ!» አለ፤ ወረድን። ሹፌሩ ሞተሩን እንዳጠፋ ከላይ በኩል አልነሳ ያለ መኪና የሚመስል ማጉረምረም ተሰማ። «ጎታች መጣልን!» ብለን ተደሰትን። ጉሬዛ ነው።

አራት ሆነው ቀረሮው ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ቅጠል ያላምጣሉ፣ ቁልቁል ያዩናል። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፤ በቦታው ያለው ጉቶ ነገር ነው። እነሱ በአራት ጣት ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ፤ እኛ ባለ አምስት ጣቶቹ አንድ መኪና መግፋት አቅቶናል።

ከዛፉ ሥር ቀያይ ፍሬ አየሁ። የወደቀ ቃሪያ መስሎኝ ጎንበስ ስል ለካ ኮረሪማ ነው። እኔ የማውቀው ኮረሪማ በክር ተሰክቶ፣ ደርቆ፣ ገበያ የወጣውን ነው። ቅጠሉ ከሰው ቁመት በላይ ሄዶ ፍሬው መሬት ለመሬት ብቅ እንደሚል ማን ነግሮኝ! አጠገቡ የበቀለውን የቡና ችግኝ ደግሞ አንድ ተሳፋሪ «የጥርኝ እርሻ» አለው፤ ጥርኝ ቀዩን ቡና ይበላና ፍሬውን እዚህም እዚያም ጥሎት ይሄዳል። ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ላይ የጥርኝ ዘመድ የጣለውን ቡና ለቅመው በወርቅ ዋጋ ይሸጡታል። የኛ ጥርኝ በነፃ ይዘራል፣ አመስጋኝም የለው።

ግፊያው ሲረዝም ቤታቸው መንገድ ዳር የሆነ አንዲት እናት በቅል ጨሞ ይዘውልን መጡ፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር የፈላ ነው። አንድ ጊዜ ጎንጨት ስል ጆሮዬ ጋለ።

«እናቴ፣ ፍሬውስ?» አልኳቸው።

«ፍሬው ይሸጣል ልጄ፣ ቅጠሉ ይጠጣል።»

ፍሬው የት እንደሚደርስ ልንገራችሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1930ዎቹ፣ እዚሁ አካባቢ፣ ማጂ በምትባል ከተማ፣ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፤ ሪቻርድ ዎሊ ይባላል። ጌሻ ከሚባል አካባቢ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ታንዛኒያን ረግጦ፣ ኮስታሪካን ተሻግሮ ፓናማ ገባና በ2004 በዚያች አገር ውድድር ዳኞቹን ጉድ አሰኘ። ሲዞር ግን ስሙ «ጌይሻ» ሆኖ ቀረ፤ የጃፓን ዘፋኝና ዳንሰኛ ሴቶች ስም። የአክስቴ ልጅም ሃዋይ ሆቴሉ ውስጥ አንድ ስኒ በምሳ ዋጋ ጠጥቶ «ጃፓኖች ቡና ያውቁበታል» ብሎኛል።

ቱም የገባነው ከመሸ ነው፤ እስከ ጉልበቴ ጭቃ፣ እስከ ብብቴ ላባ። «ፎቶ ላክ!» ብሎ ሲነዘንዘኝ ስለነበር ስልኬን ከፈትኩ። ያለኝ አንድ ፎቶ ነው፤ ዶሮዋን በብብቴ ይዤ ያነሳሁት። ግማሹ ጎማ፣ ግማሹ የረዳቱ ጀርባ፣ ከላይ ጥግ ላይ የጉሬዛው ነጭ ጭራ። ላኩለት።

ወዲያው መለሰ፦ «ዛፍ ላይ ያሰጣችሁት ፎጣ የማነው?»