ምስር የምታህል ነጥብ

በጅማ መንገድ ዓለም ገናን የሚያልፍ የቤት መኪና ከፊቱ ካለው ገልባጭ ጎማ ሥር የጠጠር ምርቃት ይደርሰዋል። ምርቃቱ ኮፈኑ ላይ ምስር የምታህል ነጥብ ይተዋል። የፋብሪካ ቀለም ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ ብዙም አይወፍርምና ነጥቧ ላሜራው ድረስ ትዘልቃለች፤ ዝናብ ሲያገኛት ትዝጋለች።

ያኔ ባለሙያው ብቅ ይላል፤ ማለትም ባለመኪናው ራሱ። ቅዳሜ ጠዋት፣ በቁምጣ።

በመኪናው የመለያ ሳህን ላይ የተጻፈውን የቀለም ቁጥር ይዞ ቀለም ቀላቃይ ዘንድ መሄድ የሰነፍ ሥራ ነው። ቶዮታ አንዱን ነጩን 040 ብሎ ቢሰይመውም፣ ነጭ ያው ነጭ ነው። የሚስቱ የጥፍር ቀለም ደግሞ ብሩሹ ከነክዳኑ ነው። የመኪናው ጎን ላይ ያለውንም ጭረት በጥፍሩ ይፈትሻል። ጥፍር የያዘው ጭረት በማሸት እንደማይጠፋ ያውቃል፤ አውቆም በጥርስ ሳሙና ያሸዋል።

ነጥቧ ሻኛ አወጣች። ሻኛው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፤ ሱቁ 2000 ቁጥር የለውማ! ፍቆቱ ስኒ አከለ፣ ስኒው ሰፌድ፣ ሰፌዱ ኮፈን። ስቱኮ፣ አንቲሩጆ፣ ከዚያ የሚነፋ የቆርቆሮ ቀለም። ነፋስ ስለነበር የጎረቤት ፍየልም ድርሻዋን አገኘች።

ወጪው ግን ዜሮ ነው፤ የተገዛው ካልተቆጠረ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አሮጌም ይፈለጋል። ገዢ መጣ።

«ቀለሟ ኦሪጅናል ነው?»

«ከአንዲት ነጥብ በቀር» አለ ባለቤቱ፤ ነጥቧንም ሊያሳየው ኮፈኑን ሦስት ጊዜ ዞረ።