ሬዲዮዬን ያፈነው ማጉያ

ድሮ ማጉያ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያነሣዋል። ማንሣት ካቃተው ዋጋ ይጠይቃል፤ ከቻለ አስቀምጦት ይሄዳል። ትራንስፎርመሩ ብቻውን ወገብ ይሰብራል፤ ከኋላ የተደረደረው አሉሚኒየም እጅ ይፈጃል። ክረምት ላይ ድመታችን የምትተኛው እሱ ላይ ነበር። የኔው ጃፓን ሠራሽ ከደርግ ዘመን ጀምሮ አብሮኝ አለ። ቤት በቀየርን ቁጥር እሱን የሚሸከም ሰው ለብቻው ይቀጠራል። ባለቤቴም «አንተ ሰውዬ፣ ከዚህ ብረትና ከኔ አንዳችንን ምረጥ» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው። እስካሁን አልመረጥኩም።

የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሲከበር፣ አዲስ አበባ ከውጭ በመጣ እንግዳ በተጥለቀለቀችበት ሰሞን፣ የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጣና ከሻንጣው ውስጥ፣ ከካልሲዎቹ መሀል፣ አንዲት ሳጥን አወጣ። ከካልሲዎቹ መሀል መሆኑ ይሰመርበት። «ጋሼ፣ ማጉያ አመጣሁልዎት፤ ዲጂታል ነው» አለኝ። በሁለት ጣቴ አነሣኋት። «ሌላውስ የት ቀረ?» አልኩት። ሳቀ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም።

እሱ ዘመድ ሊጠይቅ ወጣ ሲል ብሎኖቹን ፈትቼ ሆዷን አየሁት። የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች፣ ጥቂት ኮንደንሰሮች፣ መሀል ላይ አንዲት ጥቁር ቺፕ፤ በቃ። የቺፗን ስም በአጉሊ መነጽር ላነብ ብል በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል! ማን ሠራሽ ብዬ እንዳልጠይቅ አስቀድሞ ታስቦበታል። የሠሪው ስም ተፍቆ ሲያበቃ ግን ካርቶኑ ላይ «15 ዋት» የሚለው በደማቁ ተጽፏል።

ስለዚህ ዋት ስለሚሉት ነገር ትንሽ ልናገር። በዚያ ዘመን ከነበሩት ትናንሽ ቺፖች ስሙ በጣም የገነነው የትራይፓዝ ኩባንያ ቲኤ2024 ነው። በ12 ቮልት ይሠራል፤ 15 ዋት ይባላል። የፋብሪካው ወረቀት እንደሚለው ይህ 15 ዋት የሚገኘው በ4 ኦም ስፒከር ላይ፣ ያውም ድምፁ 10 በመቶ ሲዛባ ነው። ንጹሑ 9 ዋት ገደማ ነው። በ8 ኦም ስፒከር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ ወረቀቱ አልዋሸም። 15ን አግንኖ 10 በመቶዋን የሚውጠው የካርቶን አሳታሚ ነው። የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን በ10 በመቶ መዛባት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው ድሮም ሳክስፎኑን ያስጮኸው የነበረው በሽለላና በቀረርቶ ነው። ማጉያው የራሱን ፉከራ ሲጨምርበት ማን በማን ላይ እንደሚፎክር አይለይም።

ዋት የማጋነን በሽታው ደግሞ የዘር ነው። እንግሊዛዊው ክላይቭ ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1964 ኤክስ-10 የሚባል፣ ገዥው ራሱ የሚገጣጥመው የዚሁ ዓይነት ማጉያ ለገበያ አቀረበ። ስሙ ላይ 10 አለ፤ ስፒከሩ ላይ የሚደርሰው ግን 2.5 ዋት ገደማ ነበር። የዘመኑ ትራንዚስተር ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቀርፋፋ ነበር።

ሥራው ምንድን ነው? በድሮው ማጉያ ትራንዚስተሩ ኤሌክትሪኩን እንደ ዘፈኑ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። መንገድ ላይ የሚባክነው ሙቀት ይሆናል፤ ድመቷ የምትወደው እሱን ነው። አዲሱ ግን ወይ ጨርሶ ይከፍታል ወይ ጨርሶ ይዘጋል። ባለጌ ልጅ የመብራት ማብሪያውን ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ ሲያደርግ አስቡት፤ የበራበት ጊዜ ሲረዝም ክፍሉ ደመቅ፣ ሲያጥር ደብዘዝ ይላል። ይኸኛው ባለጌ በአንድ ሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ ነው የሚቀጨው። መሀል ላይ የሚባክን እምብዛም ስለሌለ ከአሥሩ ስምንቱ ወይም ዘጠኙ እጅ ስፒከሩ ጋ ይደርሳል። ከዚያ እነዚያ የመዳብ ጥቅልሎችና ኮንደንሰሮች ቀጭ ቋውን አጣርተው ዘፈኑን ብቻ ያሳልፋሉ ይባላል።

ይባላል እንጂ! ማጣሪያው የተሰላው ለአንድ ዓይነት ስፒከር ነው። ለ4 ኦም የታሰበውን 8 ኦም ላይ ስትሰካው ቀጭኑ ድምፅ ያብጣል፤ ገልብጠህ ስትሰካው ይሟሽሻል። የዚያን ጊዜዎቹ አብዛኞቹ ማጉያዎች ደግሞ ራሳቸውን የሚያርሙት ከማጣሪያው በፊት ያለውን አይተው ስለሆነ፣ ከማጣሪያው ወዲያ ለሚሆነው ጉድ ዕውር ናቸው። ለዚህ ነው አንዱ «ጥርት ያለ ድምፅ» ብሎ የሚምልበትን ዕቃ ሌላው «ደረቅ፣ ራስ የሚያዞር» የሚለው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ስፒከራቸው ነው የተለያየው።

ይህን ለእህቴ ልጅ ባስረዳው «ጋሼ፣ እሱ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ከ15 ሺህ ኸርዝ በላይ ነው፤ በእርስዎ ዕድሜ አይሰማም» አለኝ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው እንግዲህ። የኔ ጆሮ የት ላይ እንደሚያበቃ የኔ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ግን ትሰማለች፤ ቅጠል ሲወድቅ እንኳ ያባንናታል። ማሲንቆ ከፍቼላት ጥቂት አዳመጠችና «ምን ነካው? የፈረስ ጭራውን አስወልቆ ሽቦ ያስገጠመ ይመስላል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። የሳጥኗ ስንብት ደግሞ የጨዋ አይደለም። ስትጠፋ ስፒከሩን «ዷ!» አድርጋው ነው የምትሄደው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የሬዲዮዬን ነገር ነው።

በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ የሚቀጭ ነገር ፈለገም አልፈለገ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። የመካከለኛው ሞገድ ሠፈር ከ530 እስከ 1,600 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የማጉያው ቀጭ ቋ አንዳንዴ እዚያው መሀል ይወድቃል። ከታች ቢጀምርም እጥፍ እጥፉ እየዘለለ እስከ አጭር ሞገድ ይወጣል። የስፒከሩ ሽቦ አንቴና ይሆንለታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ልሰማ ሬዲዮዬን እከፍት ነበር፤ ከተናጋሪው በፊት «ዝዝዝዝ» የሚል ይቀድማል። ዶይቸ ቬለም ያው ነበር። ሬዲዮ በመንግሥት ሲታፈን የኖርን ሰዎች ነን፤ ድምፁን እናውቀዋለን። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል «ደግሞ ጀመሩ?» ብሎ በሹክሹክታ ሲጠይቀኝ፣ አፋኙ መደርደሪያዬ ላይ ዳንቴል ተነጥፎለት መቀመጡን እንዴት ልንገረው? «እንጃ» አልኩት። ወደ ቤት ገብቼ ነቀልኳት። ከአጥሩ ማዶ ዜና አንባቢው ወዲያው ጠራ። ጎረቤቴ እግዚአብሔርን አመሰገነ።

ለሳጥኗ የሚከራከርላት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱንም የእህቴ ልጅ በየስልኩ ስለሚያነሣው እኔው ልቅደመው። መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ ትልቁ ጃፓን ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ እሷ በመኪና ባትሪ ማታውን ሙሉ ትዘፍን ነበር። ምግቧ 12 ቮልት ነው፤ አታባክንም። በባትሪ ጊዜ ድምፅዋ እንኳ ይሻል ነበር፤ ርካሹ አዳፕተር የሚያመጣው ሹክሹክታ የለማ። ልጁ ይህን ሰምቶ ድል ያደረገ መሰለው። እኔ እንደሚገባኝ ግን የተመሰገነው ባትሪው ነው።

ትራይፓዝም ቢሆን ዕድል አልቀናውም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አይትሪፕልኢ ስፔክትረም የተባለው የመሐንዲሶች መጽሔት ዓለምን ካናወጡ 25 ቺፖች መሀል የትራይፓዝን ቲኤ2020 ቆጠረው። ሰውን ከቀበሩ በኋላ መሾም የኛ አገር አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን አሁን የማጣሪያው በሽታ መድኃኒት አግኝቷል ይሉኛል። ብሩኖ ፑትዜይስ የሚባል ቤልጂጋዊ መሐንዲስ ፊሊፕስ ውስጥ ሳለ፣ ማጉያው ራሱን የሚያርመው ከማጣሪያው በኋላ ያለውን አይቶ እንዲሆን አደረገ። የስፒከሩ ኦም ቢለዋወጥም ቀጭኑ ድምፅ አያብጥም፣ አይሟሽሽም። በኋላ ሃይፔክስ በተባለው ድርጅት፣ ከዚያም ፑሪፋይ በተባለው፣ መዛባቱን በመሣሪያ እንኳ ለመለካት እስኪያስቸግር አወረደው። ይህን አልክድም። ወሬው እኔ ጋ የደረሰው ግን እንዲህ ሳጉረመርም ከከረምኩ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱም ሲንክሌር ኤክስ-10ን ለገበያ ካቀረበ ቢቆጠር አርባ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ደውሎ ከአዲሶቹ አንዱን ልላክልዎት አለኝ። እሺ፣ ግን በቅድሚያ እዚያው ቤትህ ፈትነው አልኩት። አንድ ጊዜ በ4፣ አንድ ጊዜ በ8 ኦም ስፒከር አጫውተው። ስታጠፋው «ዷ» አለማለቱን ስማ። ከሁሉ በላይ አጠገቡ ሬዲዮ ክፈትና አጭር ሞገዱን ከዳር እስከ ዳር አስስልኝ።

«ጋሼ፣ አሁን በአጭር ሞገድ ማን ይሰማል?» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁበት።